በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ተረቱን ያወጡት አበው የሚያወሩት ስለ ውርስ ነበር፤ የጻፍከው ነገር ለልጅህ ይተርፋል ለማለት። በኋላ ግን ዘመን ተለወጠና «መወረስ» ሌላ ትርጉም አገኘ። በ1967 ዓ.ም. መሬቱ ተወረሰ፣ ትርፍ ቤቱ ተወረሰ፣ ድርጅቱ ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው መዝገብና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ ባየ ቁጥር፣ ተረቱን በሁለተኛው ትርጉሙ ቢሰማው ምን ይገርማል? ልጄ ይወርሰዋል ወይስ እነሱ ይወርሱታል?

ዛሬ የምንጫወተው ስለ መረጃ አያያዝ ነው። «የመረጃ ቋት» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ባንክ፣ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ክፍል፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ማሽን ነው። እስቲ ለዛሬ ከአዲስ አበባ እንውጣና ወደ ደቡብ ጎንደር፣ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ወደ አንበሳሜ እንሂድ። አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወረዳው ገበሬ ጤፉንና ዳጉሳውን የሚያበቅልባት እያንዳንዷ ቁራጭ መሬት፣ ከነባለይዞታዋ ስም፣ ከነስፋቷ፣ ከነአዋሳኞቿ እንደማንኛውም የአማራ ክልል ወረዳ ሁሉ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ መስፈር አለባት። ለገጠር ቤተሰብ ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም። የባንክ መዝገብ ቢሳሳት ጉዳዩ የገንዘብ ነው፤ ይታረማል። የመሬት መዝገብ ሲሳሳት ግን ወንድም ከወንድሙ ይካሰሳል፤ ሲከፋም ይገዳደላል። የወሰን ግፊት ስንት ቤት እንዳፈረሰ ለአገሩ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

እንዲህ ያለው መዝገብ ከየት መጣ? መቼስ ከኮምፒውተር ጋር አልመጣም።

አገሩ ለመዝገብ እንግዳ አይደለም። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ነገሥታቱና እቴጌዎቹ ደብር ሲደብሩ ለካህናቱ መተዳደሪያ የሚሆን መሬት ይሰጡ ነበር። ማን ምን ያህል እንደተሰጠው የሚጻፈው ታዲያ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ባሕር መዝገብ ብቻ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ በወንጌሉ ወይም በሌላ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነበር። የእቴጌ ምንትዋብ ደብር የሆነችው የጎንደር ቁስቋም በዚህ ዓይነቱ የመሬት መዝገቧ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች ናት። ለደብር አገልጋዮች የሚሰጠው «ሪም» የሚባለው መሬት እየቆየ ይሸጥ ይለወጥ ጀመር፤ ያን ጊዜም ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋውና ምስክሮቹ በስም እየተዘረዘሩ እዚያው ብራና ላይ ይሰፍሩ ነበር።

ለምን ወንጌል ላይ? ነገሩ ብልሃት አለው። ወንጌል ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም፤ ስለዚህ መዝገቡ አይጠፋም። ወንጌል ላይ የተጻፈን ነገር ለመፋቅ የሚደፍር እጅ ጥቂት ነው። ለደፋሩም ደግሞ ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ይህን የለወጠ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ የተወገዘ ይሁን» የሚል ዓይነት ግዝት ተቀምጦለታል። የዛሬ ዘመን የኮምፒውተር ባለሙያዎች «የይለፍ ቃል»፣ «የመዳረሻ ፈቃድ» የሚሏቸውን ነገሮች ያኔ የሚሠራው ግዝት ነበር። ምስክሮቹን በስም መዘርዘሩም እንዲሁ ነው፤ ነገ ክርክር ቢነሣ የሚጠራ ሰው አለ።

አንድ ችግር ግን ነበረው። መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ የተጻፈውን ፈልጎ ማግኘት ሌላ ነገር። ጸሐፊው ማስታወሻውን የሚያሰፍረው በመሬቱ ተራ ወይም በሰዉ ስም ቅደም ተከተል ሳይሆን ባዶ ብራና ባገኘበት ቦታ ነበር። ስለዚህ የእገሌ አያት የገዛት ማሳ የት መጽሐፍ፣ የት ገጽ ላይ እንዳለች የሚያውቀው ደብሩ ውስጥ ያረጀ ሰው ብቻ ነው። ማውጫው ሰውየው ነበር ማለት ይቻላል። እሱ ሲሞት መጽሐፉ ቢኖርም መዝገቡ እንደሌለ ይሆናል።

ለዚህ ነው እነዚያ ማስታወሻዎች እንደ አንድ ስብስብ ለመነበብ ሁለት መቶ ዓመት የፈጀባቸው። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር እንደ ሹመት ሲሻኝና ዳንኤል አያና ካሉ ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የጎንደርንና የበጌምድርን አድባራት መጻሕፍት በማይክሮፊልም እያስነሡ፣ የመሬት ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ አጠኗቸው። ክረሚ በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘመን ስለነበረው የመሬትና የማኅበረሰብ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት መጽሐፍ በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ላይ ነው። ሴቶች ምን ያህል መሬት ይይዙ እንደነበር፣ ማን ከማን ይገዛ እንደነበር የታወቀው ተበታትኖ የነበረው ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮና ተመድቦ ሲገኝ ነው። ቃሉ ሁሉ ድሮም እዚያው ነበር፤ የጎደለው ማውጫ ነበር።

ሁሉም መጽሐፍ ደግሞ ባለበት አልቆየም። ከአንበሳሜ ብዙም የማይርቀውን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ የአድባራቱን መጻሕፍት ሰብስበው ወሰዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ክምችት ወደ 350 የሚጠጉትን ለብሪቲሽ ሙዚየም አተረፈ። እዚያ ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ እያንዳንዱን መጽሐፍ ቁጥር ሰጥቶ፣ ይዘቱን ዘርዝሮ እ.ኤ.አ. በ1877 ካታሎግ አሳተመላቸው። በኅዳጋቸው የመሬት ማስታወሻ የያዙም ከመካከላቸው አሉ። እንግዲህ ነገሩን አስቡት፤ የጎንደር ካህን የአያቱን ርስት መረጃ ለማየት ለንደን መሄድ ሊኖርበት ነው። እዚያ ሲደርስ ግን በአንድ ቀን ያገኘዋል። እዚህ መጽሐፉ ነበረን፣ ማውጫው አልነበረንም፤ እዚያ ማውጫው ከነመጽሐፉ አለ፣ ባለጉዳዩ ግን የለም። የቱ ይሻላል ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ ካልሆኑ መዝገብ መዝገብ አይሆንም።

ይህ የካህናቱና የመኳንንቱ ነገር ነው። ተራው ገበሬስ?

የተራው ገበሬ መዝገብ ጭንቅላቱ ነበር። በበጌምድርና በጎጃም ርስት ማለት አንድን አገር መጀመሪያ ካቀና አባት በአባትም በእናትም በኩል ተወልጃለሁ የሚል ሰው ሁሉ የድርሻ ጥያቄ ሊያነሣበት የሚችል መሬት ነው። በዳሞት አካባቢ ኖሮ ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ አሠራሩን በዝርዝር ገልጾታል። ርስት የሚጠይቅ ሰው ዘሩን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ድረስ መውጣት አለበት። አንድ ስም ቢዘል ተረታ። ስለዚህ ዘር መቁጠር የሚያውቅ ሽማግሌ ሀብት ነበር፤ ሰው ድግስ እየደገሰ ያስቆጥረዋል፤ የራሱ ወገን ከሆነ ደግሞ ተቀናቃኝ እንዳይሰማው ይደብቀዋል። እውቀቱ መሣሪያ ነበርና።

ይህንን «ኋላ ቀር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን አንድ የማይናቅ ጠባይ ነበረው፤ ራሱን ያድሳል። ልጅ በተወለደ፣ ሰው በሞተ ቁጥር የሽማግሌው መዝገብ ይታረማል፤ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ማን እንደሞተና ማን እንደተረፈ ያውቃላ! ጉድለቱ ሌላ ነው። ሁለት ሽማግሌ ሁለት ዓይነት ቆጥሮ ሲመጣ ዳኛው የሚያመሳክርበት ሦስተኛ ነገር የለም። ያለው ጉልበት ነው፤ ካልሆነም መማለጃ።

መንግሥት ይህን የቃል መዝገብ ወደ ወረቀት ለማውረድ ሲሞክር የገጠመው ነገር የታወቀ ነው። በደቡብና በሸዋ ብዙ መሬት በቀላድ ሲለካ፣ የጎጃም፣ የበጌምድርና የትግራይ መሬት ሳይለካ በዱሮው ግብር ቆየ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ከደራ ዓባይን ተሻግሮ ያለው የጎጃም ገበሬ መሣሪያ አነሣ። ጥያቄው የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ገማቹ ማሳ ገብቶ «ይህ የማን ነው? ስፋቱስ?» ብሎ መጻፉ ራሱ ርስትን የመንቀል መጀመሪያ ተደርጎ ተወሰደ። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ ማፈግፈግ ግድ ሆነበት። ገበሬው በጽሑፍ ያለ እንደሚወረስ ገና ደርግ ሳይመጣ ጠርጥሮ ነበር።

ደርግ መጣና ጥርጣሬውን እውነት አደረገው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለጭሰኛው እፎይታ ነበር፤ ለባለርስቱ ግን ሌላ ነገር ነው። መሬት የሚደለድለው፣ የሚመዘግበው የገበሬ ማኅበር ሆነ። መዝገቡም የማኅበሩ ጸሐፊ ቤት ውስጥ የሚያድር ደብተር ነበር። ሊቀመንበር በተቀየረ ቁጥር ደብተሩም አብሮ ይቀየራል፤ አንዳንዴም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ 1989 ዓ.ም. መጣ። በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ታወጀ። ያኔ ገበሬው በዝርዝር ተመደበ፤ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የነበረው «ቢሮክራት»፣ በንጉሡ ጊዜ ጉልት ወይም ሹመት ያለው ቤተሰብ «ፊውዳል» ተባለና ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ሌላው ግን እስከ አሥራ ሁለት ጥማድ ሊይዝ ይችል ነበር። እዚህ ላይ ለርዕሳችን የሚሆነውን ነጥብ ልብ እንበል። ይህ ሁሉ የመረጃ ሥራ ነው! ስም መጻፍ፣ ሰውን በዓይነቱ መለየት፣ ዝርዝሩን ማውጣት፣ ለይቶ መውሰድ። አንድ ቃል ስምህ አጠገብ ስለተጻፈ ማሳህ ለጎረቤት ይሰጣል። ዝርዝር ንጹሕ ነገር አይደለም፤ የያዘው ሰው የሚፈልገውን ይሠራበታል።

የዛሬው ደብተር የተወለደው ከዚህ ትዝታ ላይ ነው። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46ን አወጣ፤ ሥራውንም የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ በተመረጡ ቀበሌዎች ሙከራ ተደረገ። እያንዳንዱን ማሳ በዘመናዊ መሣሪያ መለካት ጊዜና ገንዘብ የሚበላ መሆኑ ሲታይ ቀለል ያለው መንገድ ተመረጠ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሕዝቡ የመረጣቸው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴዎች ገመድ ይዘው ወጡ። ጎረቤት ለጎረቤት እየመሰከረ፣ ድንበሩ በሰው ፊት እየታየ ተመዘገበ። ለባልና ለሚስት በጋራ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ የተለጠፈበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጠ። ዘመዶቿ መሬት አላት ሲሏት ባሏ የለሽም የሚላት ሴት ፎቶዋን ደብተር ላይ ስታይ ምን እንደተሰማት መገመት አያቅትም።

ሥራው በዓለም ደረጃ ስም አተረፈ። በሌላ አገር አንድ ይዞታ ለመመዝገብ ብዙ ዶላር ሲወጣ፣ በኢትዮጵያ አንድ ዶላር ግድም እንደፈጀ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ጻፉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሪቱ ሚሊዮኖች ደብተር ያዙ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? መዝጋቢው ባዕድ አልነበረም፤ የሰፈሩ ሰው ነበር። በ1960 ዓ.ም. ጠመንጃ ያስነሣው ሥራ በ1995 ዓ.ም. በጠላ ቤት ወሬና በስብሰባ አለፈ።

እሰይ ብለን እንዳንቀመጥ ግን ደብተሩ ካርታ አልነበረውም። ማሳዋ የት እንዳለች የሚነግረን በአራት መስመር ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። መንገዱና ወንዙ ባይከፋም፣ ሰው ግን ይሞታል። እንበልና ምሥራቅ ያለው ጎረቤት ሞተና መሬቱ ለሦስት ልጆቹ ተከፈለ። የሱ ደብተር መታረሙ ይቅርና፣ የሱን ስም በአዋሳኝነት የያዙት የጎረቤቶቹ ደብተሮች ሁሉ በአንድ ቀን ሐሰተኛ ሆኑ። አንድ ለቅሶ አራት አምስት ደብተር ያበላሻል ማለት ነው። በአንድ ቀበሌ በዓመት ስንት ሰው እንደሚሞት አስቡና አባዙት።

እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን የመረጃ ቋት አሠራር ሐሳብ ጽፎ ነበር። ከሱ ሐሳብ ተነሥቶ የመጣውን ሕግ ባጭሩ እንዲህ ማለት ይቻላል። አንድን ነገር አንድ ቦታ ብቻ ጻፍ። የሰውን መዝገብ ለብቻ፣ የመሬትን መዝገብ ለብቻ አድርግና በቁጥር አያይዛቸው። ሰውየው ሲሞት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ታርማለህ፤ ማሳዋ ግን በቁጥሯ ትኖራለች። አዋሳኟ ቁጥር ይሆናል እንጂ ስም አይሆንም። ቁጥር አይሞትማ!

የክልሉ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹን የወረቀት መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት «ኢስላ» የሚል ምኅጻረ ስም የተሰጠው ፕሮግራም ይጠቀም ነበር። በየወረዳው ጸሐፊዎች ተቀምጠው ስም በስም መቱ። እዚህ ላይ ደግሞ የኛው ፊደል ጣጣ መጣ። ሰውየው ኃይሉ ነው እንበል። መዝጋቢው ሀይሉ ብሎ ጻፈው፤ በሌላ ቀን ሌላው ሐይሉ አለው። ለእኛ ጆሮ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ ከነዘሮቻቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸውና። ፀሐይ የምትባል ሴት ከሆነች ደግሞ በፀና በጸ፣ በሀ፣ በሐና በኀ ስታባዙት ቢያንስ ስድስት ሴት ትወጣለች። «ስምሽ የለም» ስትባል ስሟ አለ፤ የተጻፈበት ሀ ነው የሌለ።

በዚህ ላይ የቤተሰብ ስም የለንም። ስምና የአባት ስም ብቻ ይዘን፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት አለሙ ተሰማ አለ? የቤት ስምና የክርስትና ስም የሚለያይበት ሰው ስንት ነው? ፎቶው ደብተሩ ላይ አለ እንዳንል፣ ፎቶ በፊደል ተራ አይፈለግም። የሶፍትዌሩም ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ነበረው። በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ስትከፍቱት ከላቲን ፊደልና ከነጠብጣብ የተሠራ ዝብርቅርቅ ያፈጥባችኋል። በዚያ ዘመን ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1086 የአገሩን መሬት ከነበሬው አስቆጥሮ በብራና አስጽፎ ነበር፤ «ዱምስዴይ» ይሉታል። ዘጠኝ መቶኛ ዓመቱ ሲከበር እ.ኤ.አ. በ1986 ቢ.ቢ.ሲ. በዘመኑ እጅግ የተራቀቀ በሚባል የሌዘር ዲስክ አዲስ ዱምስዴይ አዘጋጀ። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ብርቅ ሆነና ባለሙያዎች ይዘቱን ለማዳን መከራቸውን በሉ። የ1086ቱ ብራና ግን ዛሬም ይነበባል። ይህን የማነሣው «ኮምፒውተሩን ጣሉት፣ ወደ ብራና እንመለስ» ለማለት አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ መዝገብ እንደ ከብት ነው ለማለት ነው፤ ጠባቂ ይፈልጋል። በየጊዜው ወደ አዲስ ማሽን ካልተዛወረ፣ ቅጂው ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ፣ አንድ ቀን ሲሄዱ ሞቶ ይገኛል። ለዚያውም ማሽኑ ካልተዘረፈ! በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በክልላችን ስንት የወረዳ ጽሕፈት ቤት እንደተዘረፈ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቅጂው ያው የተዘረፈው ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ቅጂ አለን ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛው ዙር ምዝገባ ከእነዚህ ጉድለቶች ብዙውን ለመሙላት የመጣ ነው። ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ ገበሬው ራሱ ድንበሩን እያሳየ መስመር ይሰመራል፤ ውጤቱ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው ያሳርማል፤ በመጨረሻም ካርታ ያለበት ማረጋገጫ ይታተማል። ማሳዋ ከክልል እስከ ቀበሌ የሚነበብ የራሷ የማይደገም ቁጥር ታገኛለች። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው መርሐ ግብር ብቻ በአራት ክልሎች 140 ወረዳዎች ውስጥ 14 ሚሊዮን ይዞታ ለመመዝገብ ያለመ ነበር። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ደግሞ በየወረዳው ተለያይቶ የነበረውን መዝገብ በአንድ ደረጃ የሚያሠራ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ተሠራ። የኮድ ሐሳብ ጉማራ ወንዝ ዳር ደረሰ ማለት ነው።

ታዲያ አለቀ? አላለቀም። ቁጥር አይሞትም ብያለሁ፤ ሰው ግን ይሞታል፣ ይጋባል፣ ይፋታል፣ ለልጁ ያካፍላል። ይህን ሁሉ ሄዶ የሚያስመዘግብ ሰው ከሌለ በዓለም የተደነቀው ሥርዓት የምዝገባው ዕለት የተነሣ ፎቶግራፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አባት ሞቶ አሥር ዓመት ቢያልፈውም ደብተሩ አሁንም በሟች ስም የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ለምን ቢባል ምክንያቱ ብዙ ነው። ወረዳው ሩቅ ነው፤ ለምስክርና ለወረቀት ገንዘብ ይወጣል፤ ክፍፍሉን ሽማግሌ ጨርሶታል፣ ምን ሊጨመር ይባላል። ሕጉ ራሱ ደግሞ ከተወሰነ ስፋት በታች የሆነች ቁራጭ ለብቻዋ እንድትመዘገብ አይፈቅድም፤ ወንድማማቾቹ ግን ችግር አይፈቅድላቸውምና በግማሽ ጥማድ በግማሽ ጥማድ ይከፋፈሏታል። መሬቱ ላይ ሦስት ድንበር፣ መዝገቡ ላይ አንድ ሟች። የቀበሌው ኮሚቴም ያለ ደሞዝ የሚሠራ ገበሬ ነው፤ እርሻውን ትቶ የሰው ውርስ ሲያሳድድ አይውልም።

ችግሩ የሚፈነዳው ሦስተኛው ትውልድ ላይ ነው። ከተማ የነበረው ወንድም ይመለስና «መዝገቡ የሚለው ያባቴን ስም ነው፤ እኔም ልጁ ነኝ» ይላል። እርሻው ላይ የኖረችው እህት «ሽማግሌ አካፍሎናል» ትላለች። ሽማግሌው ሞተዋል። ዳኛው የቱን ይስማ? የተጻፈው እውነት አይደለም፤ እውነት የሆነው አልተጻፈም። የዱሮው ዘር ቆጣሪ ቢያንስ ለቅሶ ቤት እየሄደ መዝገቡን ያድስ ነበር። እኛ ኮምፒውተር ገዝተን እሱን ያህል እንኳ ለቅሶ አልደረስንም!

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ አለ። ማሽኑን ከመግዛት ይልቅ አዳሹን ሰው መቅጠርና ማቆየት፣ ፈላጊው ሀና ሐን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ማድረግ፣ ቅጂውን ሌላ ከተማ ማስቀመጥ፣ ሕጉ የማይመዘግበውን ክፍፍል ዓይንን ጨፍኖ ከማለፍ ይልቅ ቢያንስ በጋራ ይዞታነት የወራሾቹን ስም በሙሉ መጻፍ። መዝገቡ ለምን ጉዳይ እንደሚውል፣ ማን ሊያየው እንደሚችል ለባለይዞታው በግልጽ መንገርም የዚያው ድርሻ ነው። 1989ን ያየ ሰው ይህን ሳይነገረው ቤቱን ከፍቶ እንዲያስቆጥር መጠበቅ አይቻልም።

የኛም ድርሻ አለ። ለአባቱ ተዝካር ጌሾ የሚወቅጥ፣ ጠላ የሚጠምቅ፣ ካህን የሚጠራ ቤተሰብ፣ ለዚያ ሁሉ ወጪና ድካም የማይሰስት ቤተሰብ፣ ደብተሩን ይዞ አንድ ቀን ወረዳ መሄድ እንዴት ያቅተዋል? ዘመድ አዝማድ እዚያው ተሰብስቧል፤ ሽማግሌው አለ፤ ምስክር ሞልቷል። ከዚያ የተሻለ ቀን የት ይገኛል? ተዝካሩ ሳያልፍ ክፍፍሉ በሁሉም ፊት ተጽፎ፣ የእህቲቱ ስም ከወንድሞቿ እኩል ገብቶ፣ የስሟም ፊደል መታወቂያዋ ላይ እንዳለው ሆኖ ለወረዳ ቢቀርብ፣ ስንት ክስ ይቀር ነበር! ስንት ወንድማማች ይተርፍ ነበር!

በጽሑፍ ያለ መወረሱ አይቀርም። ማን እንደሚወርሰው ግን ጽሑፉ ብቻውን አይወስንም፤ ትክክለኛው ወራሽ ስሙ ተጽፎ፣ ተፈልጎ ሲገኝ ነው ውርስ የሚሆነው። ካልሆነ ቀድሞ የደረሰ ይወርሰዋል።